ምኒልክና የእንጦጦ እንጨት

ስለ ዓለም ሕዝብ መብዛትና ስለ ምድር ሀብት ማነስ በየጊዜው ብዙ ይነገረናል። በክፍል ውስጥ ሲሰጠን በቁጥርና በመስመር ተሥሎ ይቀርብልናል። እንግሊዛዊው ቄስ ማልተስ እ.ኤ.አ. በ1798 መጽሐፉን ካሳተመ ጀምሮ ሐሳቡ በአጭሩ ይህ ነው፤ ሰው በብዜት ይባዛል፣ እህል ግን በመደመር ብቻ ያድጋል፤ ስለዚህ ረኀብ፣ በሽታና ጦርነት እየመጡ ሒሳቡን ያስተካክላሉ። ተማሪው ይህን ጽፎ ፈተናውን ያልፋል። ይሁን እንጂ ነገሩ የሌላ ሀገር ወሬ ሆኖ ይቀራል።

እኛ ግን ነገሩን ከሩቅ መፈለግ አያስፈልግም እንላለን። ከከተማችን ወደ ሰንዳፋና ወደ ደብረ ብርሃን በሚወስደው መንገድ እስከ ካራ ወጥቶ፣ ከዚያ ወደ እንጦጦ ሰንሰለት ቀና ብሎ ያየ ሰው ትምህርቱን በዓይኑ ያገኘዋል። ተራራውን የሸፈነው ባሕር ዛፍ ነው። ስሙ ራሱ እንደሚናገረው ዛፉ ከባሕር ማዶ የመጣ ነው። የጥንቱ ጽድ፣ ወይራና ኮሶ ወዴት ሄደ? ባሕር ዛፉስ ስለ ምን መጣ? ይህን ለመመለስ የአንድን ሰው ሕይወት መተረክ ግድ ይሆናል። ያ ሰው ዳግማዊ ዐፄ ምኒልክ ናቸው። ስለ ዐድዋ ድላቸው ብዙ ብዕር ፈስሷል፤ እኛ የምንተርከው ግን ስለ እንጨት፣ ስለ በሬና ስለ እህል የተጨነቁበትን ሕይወታቸውን ነው።

ምኒልክ ነሐሴ 12 ቀን 1836 ዓ.ም. በአንጎለላ ተወለዱ። አባታቸው ኃይለ መለኮት የሸዋው ንጉሥ የሣህለ ሥላሴ ልጅ ናቸው፤ እናታቸው ወይዘሮ እጅጋየሁ ይባላሉ። በዚያን ጊዜ የዓለም ሕዝብ ከአንድ ቢሊዮን እምብዛም የማይበልጥ እንደ ነበረ ሊቃውንት ይገምታሉ። ሕፃኑ አሥራ አንድ ዓመት ሲሆነው ዐፄ ቴዎድሮስ ሸዋን ያዙ። አባቱ በዚያው ሰሞን ስለ ሞቱ ልጁ ወደ መቅደላ ተወሰደ። እዚያም አሥር ዓመት ያህል ተቀመጠ። ቴዎድሮስ እንደ እስረኛ ሳይሆን እንደ ልጅ እንዳሳደጉትና ልጃቸውን እንደ ዳሩለት የታወቀ ነው። በ1857 ዓ.ም. ከመቅደላ አምልጦ በወሎዋ ገዥ በወይዘሮ ወርቂት በኩል አልፎ ሸዋ ገባና የአባቱን ዙፋን ያዘ። ወይዘሮ ወርቂት ለዚህ ውለታ ልጃቸውን ገብረዋል፤ የሳቸው ልጅ በቴዎድሮስ እጅ በመያዣነት ይገኝ ነበርና።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንግባ። በዚያ ዘመን ከተማ ማለት እንደ ዛሬው በድንጋይና በሲሚንቶ የቆመ ነገር አልነበረም። ቃሉ ራሱ በጥንቱ አነጋገር ንጉሡ ከነሠራዊቱ የሚሰፍርበትን ስፍራ ያመለክታል። ንጉሡ ከአንድ አምባ ላይ ይሰፍራል። ከሱ ጋራ መኳንንቱ፣ ወታደሩ፣ የወታደሩ ሚስት፣ ጠጅ ጣዩ፣ እንጀራ ጋጋሪው፣ ካህኑና ነጋዴው ይሰፍራል። ይህ ሁሉ ሰው ጎጆ ይሠራል፣ አጥር ያጥራል፣ ያበስላል፣ ሌሊት እሳት ይሞቃል። ጥቂት ዓመት ሲቆይ በቅርብ ያለው ዛፍ ያልቃል። ቀጥሎ የግማሽ ቀን መንገድ ርቆ ይቆረጣል፤ ከዚያም የቀን ሙሉ መንገድ ይሆናል። በአካባቢው ያለውም ገበሬ ሲመግብ ሲመግብ ይደክማል። በመጨረሻ ንጉሡ ድንኳኑን ነቅሎ ወደ ሌላ ደን ይሄዳል። ጦርነትና ፖለቲካም ምክንያት መሆናቸው አይካድም፤ ነገር ግን የኢትዮጵያ ነገሥታት አንድ ቦታ ረግተው ያልተቀመጡበት አንደኛው ምክንያት እንጨት እንደ ሆነ ብዙ የታሪክ ጸሐፊዎች ይስማማሉ።

ምኒልክም በዚሁ ልማድ አድገው በዚሁ ልማድ ኖሩ። ከአንኮበር ወደ ልቼ፣ ከልቼ ወደ ሌላው ሲዘዋወሩ ቆይተው ወደ እንጦጦ ወጡ። የእንጦጦ ራስ ከባሕር ወለል በላይ 3,000 ሜትር ያልፋል። ለመጠበቅ ይመቻል፤ ጠላት ሲመጣ ከሩቅ ይታያል። ለመኖር ግን ብርዱ የከፋ ነው። ብርድ ባለበት እሳት ይበዛል፤ እሳት በበዛበት ደን ይመነምናል። በጥቂት ዓመታት ውስጥ ተራራው ተላጨ ማለት ይቻላል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ እንዲባልልን እንወዳለን። የእንጦጦን ጽድ የጨረሰው ድሀው ገበሬ ብዙ ልጅ ስለ ወለደ አይደለም። የጨረሰው በአንድ አምባ ላይ የተከማቸው ቤተ መንግሥትና ጭፍራው ነው። በግብር ቀን በሺህ የሚቆጠር ሰው በአዳራሽ ይበላ ይጠጣ ነበር። ለዚያ ሁሉ እንጀራና ወጥ፣ ለዚያ ሁሉ ጠጅና ጠላ የሚነደውን እንጨት አስቡት። ስለ ሕዝብ ብዛት ሲነገር ስንት ሰው አለ ብሎ መጠየቁ ብቻ አይበቃም፤ ማን ምን ያህል ያነዳል የሚለውም ይጠየቅ።

በ1879 ዓ.ም. እቴጌ ጣይቱ ከተራራው ግርጌ፣ ፍልውሃው አጠገብ፣ ቤት እንዲሠራላቸው ጠየቁ፤ ስፍራውንም አዲስ አበባ ብለው ሰየሙት። ቀስ በቀስ መኳንንቱም ከብርዱ እየወረዱ በየኮረብታው ሰፈሩ። ዐፄ ዮሐንስ በ1881 ዓ.ም. በመተማ ከወደቁ በኋላ ምኒልክ ጥቅምት 25 ቀን 1882 ዓ.ም. በእንጦጦ ማርያም ንጉሠ ነገሥት ተብለው ዘውድ ጫኑ።

ዘውዱ ሲጫን ግን ሀገሪቱ በክፉ ቀን ውስጥ ነበረች። ክፉ ቀን ከ1880 እስከ 1884 ዓ.ም. ገደማ የዘለቀው ታላቅ ረኀብ ነው። አነሣሡን ማወቅ ይጠቅማል። ጣሊያኖች ለጦራቸው ብለው በምፅዋ በኩል ባስገቧቸው ከብቶች የደስታ በሽታ የሚባለው የከብት ወረርሽኝ መጣ። በሽታው ከሰሜን እስከ ደቡብ እየጠረገ የሀገሩን ከብት ከአሥር ዘጠኙን ያህል ፈጀ። በዚያው ላይ ዝናም ቀረ፣ አንበጣና ተምች ተነሣ። ከሕዝቡ ሲሶው አለቀ የሚሉ አሉ።

አሁን ማልተስን እዚህ ላይ እንጥራውና እንጠይቀው። በሱ ሒሳብ ቢሆን ሰው ሲያንስ ለቀሪው እንጀራ መብዛት ነበረበት። በክፉ ቀን ግን እንዲህ አልሆነም። ሰው አነሰ፣ እንጀራም አብሮ አነሰ። መሬቱ እንደ ነበረ አለ፤ ዘርም በአንዳንድ ጎተራ አልጠፋም፤ የጠፋው በሬ ነው። በሬ ከሌለ የሚያርስ የለም። ለበሬ ያልተረፈው ገበሬ ለሞት ተረፈ ማለት አይቻልም። ከመሬትና ከአፍ መካከል የሚቆመው መሣሪያ ሲጎድል መሬት ቢሰፋም አይመግብም። ይህን ነገር ወጣቶች ከማልተስ መጽሐፍ አያገኙትም፤ ከአያቶቻቸው አፍ ግን ሊያገኙት ይችላሉ።

ምኒልክ በዚህ ጊዜ ያደረጉት ነገር በሕይወታቸው ውስጥ ካለው ሁሉ እኛን ይበልጥ የሚማርከን ነው። ጎተራቸውን ከፍተው ለተራበው አበሉ። ከዚያም በሬ ከሌለ በእጅ ይቆፈር ብለው ራሳቸው ዶማ ይዘው መሬት ቆፈሩ። መኳንንቱም እያፈሩ ተከተሉ። በዚያ ዘመን አንድ ጨዋ ዶማ ሲይዝ መታየቱ ነውር ነበር፤ አራሽ፣ ሸማኔ፣ ቀጥቃጭ መባል ስድብ በሆነበት ሀገር ንጉሠ ነገሥቱ አፈር ነካ። ይህ ሁሉንም ሰው አላዳነም። ቢሆንም በሬው ተራብቶ እስኪመለስ ድረስ እጅ እንደሚያርስ አሳየ።

ሁለተኛውን ነገር ደግሞ መሸፈን አይገባንም። በክፉ ቀን ማግስት ጦሩ ወደ ደቡብ ሲዘምት የሚፈልገው ግዛት ብቻ አልነበረም። ከብትና እህልም ይፈልግ ነበር። በ1887 ዓ.ም. በንጉሥ ጦና ሀገር በወላይታ ላይ የተደረገው ዘመቻ ብዙ ሕዝብ የረገፈበት ነው፤ ከዚያም የተነዳው ከብት እጅግ ብዙ ነበር። ወታደሩ በየሀገሩ ሰፍሮ ከገባሩ ላይ ቀለቡን አገኘ። ስለዚህ የሰሜኑ ሀብት ሲያልቅ የተወሰደው አንዱ መፍትሔ የሌላውን ሀብት መውሰድ ነበረ። ይህም ከከተማው መዘዋወር ጋራ አንድ ዘር ነው፤ እዚህ ሲያልቅ ወደዚያ መሄድ። ልዩነቱ በዚያኛው ስፍራ ሰው መኖሩ ነው። ምኒልክን የምናከብረውን ያህል ይህንም ማስታወስ አለብን፤ ታሪክን የሚማር ሰው ግማሹን ገጽ ቀዶ አይማርም።

ስለ ዐድዋ አንድ ነገር ብቻ እንበልና እንለፍ። የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ጣሊያኖች ባይወጡ ኖሮ የምኒልክ ጦር ስንቁ ሊያልቅ ጥቂት ቀን ብቻ ቀርቶት ነበር። ያን የሚያህል ሠራዊት አንድ ወረዳ ላይ ሲሰፍር ወረዳው ሊመግበው አይችልም። ጀግንነቱ የታወቀ ነው፤ ጎተራውም ድርሻ እንደ ነበረው ግን እምብዛም አይወሳም።

ከዐድዋ በኋላ አዲስ አበባ ሌላ ሆነች። የእንግሊዝ፣ የፈረንሳይ፣ የሩሲያና የጣሊያን መልእክተኞች መጡ። ሰፊ ሰፊ ቦታም ተሰጣቸው፤ የእንግሊዝና የሩሲያ ኤምባሲዎች ዛሬም ከየካ ተራራ በታች ባለው በዚያው በምሥራቁ በኩል ይገኛሉ። ነጋዴው ጎረፈ፣ ገበያው ሰፋ፣ ሕዝቡ በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ሆነ። እንጨቱ ግን የለም። የቤት ቋሚና ማገር ከመናገሻ ደን መምጣት ጀመረ። የማገዶ ዋጋ ናረ። እንግዲህ ጥንታዊው መፍትሔ ተነሣ፤ ድንኳን ነቅሎ መሄድ። ምኒልክ በስተ ምዕራብ ደን ያለበትን ስፍራ መርጠው አዲስ ዓለም ብለው ሰየሙት። በ1890ዎቹ መጀመሪያ በሺህ የሚቆጠር ሠራተኛ አሰልፈው ቤተ መንግሥት ያስገነቡ ጀመር። አዲስ አበባ ልትፈርስ፣ እንደ ልቼ ስሟ ብቻ ሊቀር ነበር።

ያላፈረሳት ነገር ሁለት ነው። አንደኛው ድንጋይ ነው። መልእክተኞቹና ነጋዴዎቹ የድንጋይ ቤት ሠርተው ስለ ነበር እንደ ድንኳን ነቅለው ለመሄድ አልፈለጉም። ሁለተኛው ያ ከባሕር ማዶ የመጣው ዛፍ ነው። ፈረንሳዊው ሞንዶን ቪዳይሌ በ1887 ዓ.ም. ገደማ ዘሩን እንዳስመጣው ይነገራል። ባሕር ዛፍ በጥቂት ዓመት ለማገዶና ለቤት ይደርሳል። ሲቆርጡት ከጉቶው እንደ ገና ያቆጠቁጣል፤ ከብትም አይበላውም። የሀገራችን ጽድ ለአንድ ቋሚ እስኪደርስ የሰው ዕድሜ ይጠይቃል፤ ባሕር ዛፍ ግን የተከለው ሰው ራሱ ቆርጦ ይሸጠዋል። ምኒልክ ይህን ሲያዩ ችግኙ በርካሽ ዋጋ ለሕዝቡ እንዲዳረስ አደረጉ፤ ባሕር ዛፍ የተተከለበትንም መሬት ከግብር ነፃ አወጡ። ሕዝቡ ነፃ ነገር ሲያይ አላመነታም። በእያንዳንዱ ግቢ፣ በእያንዳንዱ ጅረት ዳር፣ ከዚያም በተራራው ላይ ተከለ። ንጉሡ ካረፉ በኋላ በነበሩት ዓመታት አዲስ አበባ ከሩቅ ሲያዩዋት ከተማ ሳትሆን ደን ትመስል ነበር። የአዲስ ዓለሙ ቤተ መንግሥት ወደ ቤተ ክርስቲያንነት ተለወጠ፤ ዛሬ ለማርያም በዓል የሚሄድ ሰው የሚሳለመው እሱን ነው።

የዚህ ነገር ክብደት በቁጥር ሲታይ ይገለጣል። እ.ኤ.አ. በ1961 በተደረገው ቆጠራ አዲስ አበባ 443,000 ያህል ነዋሪ ነበራት። በ1999 ዓ.ም. ቆጠራ 2,740,000 ያህል ሆነች። በዚያው ቆጠራ የሀገሪቱ ሕዝብ 73,750,000 ያህል ነበር፤ አሁን ከ120 ሚሊዮን እንደሚበልጥ ይገመታል። የዓለም ሕዝብም በኅዳር 2015 ዓ.ም. 8 ቢሊዮን ደረሰ። ይህ ሁሉ ሲሆን በምኒልክ እንጦጦ ላይ ከነበረው ዛፍ ይልቅ በኋላ የበቀለው በዛ። ሰውም ዛፍም አብረው በዙ ማለት ነው። ማልተስ ይህን አልገመተም።

ታዲያ ብዛት ችግር አይደለም ልንል ነው? አይደለም። ባሕር ዛፍ የሰጠውን ያህል ጠይቋል። ውሃ አብዝቶ ይጠጣል፤ በሥሩ ሣርና ቁጥቋጦ በደንብ አይበቅልም፤ ስለዚህ ዝናም ሲመጣ አፈሩ ይታጠባል። ከተማዋም በእንጦጦ ጅረቶች መጠጣት ካቃታት ቆየች፤ ዛሬ ከምትጠጣው ውሃ ከፊሉ በካራ በኩል አልፎ ከሚገኘው ከለገዳዲ ነው። እንጨቱንም ከተራራው አውርደው በጀርባቸው ሲሸከሙ የኖሩት ሴቶች ናቸው። ወገባቸው ጎብጦ፣ ከራሳቸው የሚከብድ ጭራሮና ቅጠል ተሸክመው ቁልቁል ሲወርዱ ያላያቸው የአዲስ አበባ ሰው የለም። የባሕር ዛፍ ታሪክ ሲጻፍ ንጉሡና ፈረንሳዊው ይጠቀሳሉ፤ የከተማውን ምጣድ በየቀኑ ያሞቀችው ሴት ግን ስም የላትም።

በነዚህ መንደሮች ላሉ ወጣቶች ስለ ሕዝብ ብዛት እናስተምራለን የምንል የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች እዚህ ላይ እንጠንቀቅ እንላለን። አብዛኛውን ጊዜ ትምህርቱ ተግሣጽ ይሆናል። እናትህ ብዙ ወልዳለችና ደኸየህ ይባላል። ልጁም አንገቱን ደፍቶ ይሰማል፤ ማታ ወደ ቤቱ ሲመለስ ግን እናቱ ያችው እንጨት ተሸካሚ ናት። በ2008 ዓ.ም. የተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት የሚያሳየውን ደግሞ እንመልከት። ትምህርት ቤት ያልገባች ኢትዮጵያዊት በአማካይ 5.7 ልጆች ትወልዳለች፤ ከሁለተኛ ደረጃ በላይ የተማረችው 1.9 ብቻ። አዲስ አበባ ውስጥ ያለው አማካይ 1.8 ነው፤ በገጠር 5.2 ነው። ተግሣጽ ያወረደው ቁጥር የለም። ልጅቷ ተምራ፣ ሥራ አግኝታ፣ የወለደችው ሕፃን እንደማይሞትባት ስታምን ቁጥሩ በራሱ ይወርዳል። በ1985 ዓ.ም. የወጣው የሀገሪቱ የሥነ ሕዝብ ፖሊሲም የሴቶችን ትምህርት ከዋና መንገዶቹ አንዱ አድርጎ የያዘው ስለዚህ ነው።

ወደ ምኒልክ እንመለስ። በ1901 ዓ.ም. ዘመናዊ ትምህርት ቤት ከፈቱ፤ ከግብፅ የመጡ መምህራን ቋንቋ ያስተምሩበት ጀመር። ልጆች እንዲማሩ መኳንንቱን ሲለምኑና ሲያዙ በዚያው ዘመን ደዌ ጸናባቸው። አካላቸው ሽባ ሆነ፤ አንደበታቸውም ተያዘ። የሚያስገርመው ነገር ያን ያህል ሕዝብ ለመመገብ የደከሙት ንጉሥ ዙፋናቸውን የሚወርስ ወንድ ልጅ አልነበራቸውም፤ አልጋው ለልጅ ልጃቸው ለልጅ ኢያሱ ተላለፈ። በመጨረሻዎቹ ዓመታት እቴጌ ጣይቱ አስታመሙ፤ ነገሥታቱና መኳንንቱም በግቢው ውስጥ ተማከሩባቸው። ታኅሣሥ 3 ቀን 1906 ዓ.ም. ዐረፉ። ሞታቸው ለብዙ ጊዜ ለሕዝብ አልተነገረም። ኋላ ልጃቸው ንግሥት ዘውዲቱ ባሠሩት በበአታ ማርያም ዐጽማቸው ዐረፈ።

ባረፉበት ዘመን፣ እ.ኤ.አ. በ1913፣ ስለ ባሕር ዛፍ አንድ ትእዛዝ ወጥቶ ነበር። ምንጮች እየደረቁ ነውና ከተተከለው ሁለት እጁ ተነቅሎ፣ የሐር ትል ቅጠሉን በሚበላው በእንጆሪ ዛፍ እንዲተካ የሚል ነው። ትእዛዙ ከወጣ በኋላ የተነቀለው ጥቂት ነው። ሕዝቡ በገዛ እጁ ተክሎ፣ ከግብር ነፃ ሆኖ፣ ሽጦ ልብስ የገዛበትን ዛፍ ንቀል ሲባል ሰምቶ እንዳልሰማ ሆነ። ትእዛዙን ያወጡትም ሰዎች በማግስቱ ምጣዱ በምን እንደሚጋል አልነገሩትም ነበር።